ከፍርስራሽ ሥር የወጣን ሰው በምን እናጓጉዘው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ እየተደጋገመ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከቀያቸው ባፈናቀለ ጊዜ ስለ ሕንፃዎች ጥንካሬ ብዙ ተጽፏል፤ የሚገባም ነበር። ሕንፃው ከወደቀ በኋላ ከሥሩ የሚወጣው ሰው በማን እጅ፣ እንዴት ተይዞ ሐኪም ዘንድ እንደሚደርስ ግን ሲነገር አልሰማሁም። በድንገተኛ ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠራሁ ነርስ በመሆኔ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከግንባታ መወጣጫ ላይ የወደቀ ወጣት ጓደኞቹ በባጃጅ፣ አንዱ ብብቱን ሌላው ጉልበቱን ይዘው፣ አጣጥፈው አመጡልን። እንደወደቀ እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር አሉ። እኔ ጫማውን ሳወልቅለት ግን አልተሰማውም። እነዚያ ልጆች የተቻኮሉት ስለወደዱት ነው፤ ጥፋታቸው አይደለም፣ ያስተማራቸው አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. መባቻ በፓኪስታን በደረሰው ርዕደ መሬት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የአከርካሪ ጉዳት ደርሶባቸው ሽባ ሆነዋል፤ ብዙዎቹም ከተራራማ መንደሮች የወጡት ጀርባቸው ሳይደገፍ ነበር። በእኛም ሐረር የጁገል መተላለፊያዎች መኪና አያስገቡም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አምቡላንስ የጎረቤት ትከሻ ነው። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር አቅንቶ ይዞ ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች ገላውን እንደ ግንድ እኩል አንከባለው በዕድር ቃሬዛ ወይም በተነቀለ በር ላይ ቢያሳርፉት፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ሽርጥ ቢያኖሩለት፣ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ደግሞ ከጠንካራው ሰሌዳ ቶሎ ሊነሳ ይገባል፤ የማይሰማው ገላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይቆስላልና፣ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥም የግድ ነው። ወጌሻ አንገትና ጀርባን በፍጹም ማሸት የለበትም።

የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ያዘናጋል። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ቡና ጠጥቶ፣ የራስ ቅሉና የአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ከሰዓታት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካስታወከ፣ ከተደበተ ወይም የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ «ይተኛ፣ ይረፍ» ማለት አደጋ ነው። ቤተሰብ አጥብቆ የሚጠይቀው ግሉኮስም የአንጎል እብጠትን ሊያባብስ ስለሚችል ባለሙያው ሲከለክል ቅር አይበላችሁ። የደም ግፊቱና ኦክስጅኑ እንዳይወርድ መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ለከባድ የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚልከን መንገድ፣ ሐዲዱም ጭምር፣ የሚያልፈው መሬቱ በተናወጠበት በዚያው በአዋሽ በኩል ነው። መንገዱ በተቆረጠ ማግስት በእጃችን የሚኖረው እዚሁ ያለው ባለሙያና እዚሁ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የከተማችን የድሬዳዋ አስተዳደርና የሐረሪ ክልል የባጃጅ ማኅበራትን፣ የዕድር ሰብሳቢዎችንና የቀበሌ ወጣቶችን ዛሬ ያሰልጥኑልን። በትርፍ ሰዓታችን ያለ ክፍያ የምናስተምር የጤና ባለሙያዎች አለን፤ የጎደለን አዳራሽና የሚጠራን አካል ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ነርስ፣ ከድሬዳዋ