ኮንጎ ስትረከብ የነበረውን እናስታውስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በአስተያየት ዓምዳችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ከስድሳ ዓመት በላይ ሰበብ ሲደረድሩ ኖረዋል በማለት ኮንጎን በምሳሌነት ጠቅሷል። ጸሐፊው የመረጡት ምሳሌ የራሳቸውን ክርክር የሚያፈርስ ስለመሰለኝ ጥቂት ልበል። የኮንጎ ዘማች ልጅ ነኝ፤ አባቴ በ1952 ዓ.ም. ክረምት በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደዚያ ከዘመቱት የጠቅል ብርጌድ ወታደሮች አንዱ ነበሩ።

ቤልጅየም ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ሥልጣን ስታስረክብ፣ በዚያ ሰፊ አገር የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዙት ኮንጎዎች ከሠላሳ አይበልጡም ነበር፤ ከእነርሱም መካከል አንድ እንኳ ሐኪም አልነበረም። የሠራዊቱ መኮንኖች በሙሉ ቤልጅጎች ሲሆኑ፣ ጥቁር ወታደር ቢያገለግል ቢያገለግል ከበታች ሹምነት አያልፍም። በሚሲዮኖች በኩል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በስፋት ይሰጥ ስለነበር ማንበብና መጻፍ የሚችል ጸሐፊ፣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ሞልቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው በር ግን ታስቦበት የተዘጋ ነበር። ቫን ቢልሰን የተባሉ ቤልጅጋዊ ምሁር በ1948 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት የሽግግር ዕቅድ ቢያቀርቡ የገዛ ወገኖቻቸው ምን ሲደረግ ብለው ተነሡባቸው። ሠላሳ ዓመት አነሰው የተባለለት ጉዳይ በመጨረሻ በአምስት ወር ጥድፊያ ተፈጸመ።

ነፃነት በታወጀ በአምስተኛው ቀን የሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ጃንሰንስ፣ ማዕረግና ደመወዝ ይጨመርልናል ብለው ሲጠባበቁ ለነበሩት ወታደሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ» ብለው ጻፉላቸው። ዐመፁ ለመነሣት ቀን አልፈጀበትም። የቤልጅየም ሠራተኞች ጓዛቸውን እንኳ በቅጡ ሳይሸክፉ ሸሹ፤ ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ በመዳብ የበለፀገችው ካታንጋ፣ በቤልጅጎች አይዞሽ ባይነት መገንጠሏን አወጀች።

አባቴ ዛሬ ኪሳንጋኒ በምትባለው በስታንሌቪል ያዩትን ሲያወጉን፣ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከአንድ ሆስፒታል ነበር። አልጋው አለ፤ መድኃኒቱም በመጋዘን አለ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ግን የለም። በሩን ሰብረው ሲገቡ የመድኃኒቱን መዝገብ የሚያውቅ አንድ ድሬሰር ብቻ ተገኘ፤ ቀን ቁስል ሲያጥብ ውሎ ሌት ሲያዋልድ ያድራል። እንዲህ ያሉ የሕክምና ረዳቶች በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት ወደ ፈረንሳይ ተልከው፣ ተምረው ሐኪም ሆነው ተመልሰዋል። ታዲያ ቤልጅየም በዚያ ሁሉ የአገዛዝ ዘመኗ ይህን ለማድረግ ምን አገዳት?

ሞቡቱንስ ማን አስገደደው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ1958 እስከ 1989 ዓ.ም. የገዛው ሞቡቱ፣ በ1966 ዓ.ም. የውጭ ዜጎችን ሱቅና እርሻ ወርሶ ለባለሟሎቹ ሲያድል አገሩን ያደኸየው በራሱ እጅ ነው፤ ይህን በቤልጅጎች ላይ ማላከክ አይቻልም። ሆኖም ሰውዬው ከየት መጣ? በቅኝ ገዢው ጦር የበታች ሹም የነበረ፣ በኋላም ጋዜጠኛ የሆነ ሰው፣ መኮንን የሚባል ኮንጎዊ ባልነበረበት በዚያ የሐምሌ ሳምንት በአንድ ጊዜ ኮሎኔልና ኤታማዦር ሹም ተደርጎ ተሾመ። ጦሩን በእጁ ካስገባ በኋላ ተው የሚለው የሠለጠነ መኮንን፣ ልምድ ያለው ዳኛ ወይም ሒሳብ መርማሪ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በጥቂት ዓመት አይፈራም። ቅኝ ያልተገዛን እኛ ይህን ከሩቅ ሆነን ስንፈርድ ቀላል ይመስለናል።

በሕይወት የቀሩት የኮንጎ ዘማቾች ጥቂት ናቸው። ጋዜጣችሁ በጉዳዩ ላይ ዳግመኛ ሲጽፍ ከእነርሱ አንዱን አግኝቶ ቢያነጋግር፣ ያዩትን ሆስፒታልና ሰፈር በአንደበታቸው እንሰማ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ