ሳልመልስልህ ስለቆየሁት ጥያቄ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ 3 ዓመት አለፈ። ዝም ያልኩት ረስቼህ ሳይሆን፣ «የሕዝብ ዘፈን በትራምፔትና በክላርኔት ሲነፋ ከዘፈኑ ምን ይቀራል?» ብለህ ለጠየቅከኝ የምሰጥህ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ጥያቄህ ከባድ ስለነበር በባዶ ሰላምታ ላልፈው አልፈለግሁም።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ በትምህርት ቤት ባንድ የማስተምራቸው የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁትን ልንገርህ። «ፉንጋ አላፊያ» የሚባለውን ዘፈን አስጠናሁና በኮንሰርቱ ዕለት ለወላጆች የምዕራብ አፍሪካ ጥንታዊ ዘፈን ነው ብዬ አስተዋወቅሁ። በኋላ ሳጣራ፣ ዘፈኑ ስሙን ያገኘበት ፋንጋ በእርግጥ የላይቤሪያ የእንግዳ መቀበያ ጭፈራ ቢሆንም፣ ይህ ዘፈን ኒው ዮርክ፣ ሀርለም ውስጥ የተቀናበረ፣ ዜማውም ከአንድ የቆየ የአሜሪካ ዘፈን የመጣ ሆኖ አገኘሁት። የሀርለም ጥቁር አሜሪካውያን ወደ አፍሪካ ያላቸውን ናፍቆት የያዘ በመሆኑ ዘፈኑ ክብር ይገባዋል፤ ያሳፈረኝ የራሴ ንግግር ነው። ከዚያ ወዲህ የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ፣ በምን ቋንቋና በምን አጋጣሚ እንደሚዘፈን ሳላውቅ አንድም ዘፈን ክፍል አላስገባም። ጎንደርና ወላይታ አንድ ዓይነት ይዘፍናሉ ቢሉን እኔና አንተ እንኳ አንቀበልም።

የጋናው «ኦብዊሳና» ብዙ አስተማረኝ። ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ምቱን ጠብቀው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ የሚዘፍኑት ጨዋታ ነው፤ ቃሉም አያቴ ሆይ፣ ድንጋይ እጄን ጎዳኝ እንደማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን በየሣጥናቸው ትተን ወለሉ ላይ ተቀመጥንና ድንጋይ ማሳለፍ ጀመርን። ምት የሳተ ልጅ ፊት ድንጋዩ ይከመራል፤ እኔ በዱላ ጠረጴዛ እየመታሁ ሳስረዳው ያልገባው ነገር ያን ጊዜ በእጁ ይገባዋል። ከሳምንት በኋላ ክላርኔቶቹን ሲያነሡ ዜማው በአፋቸው ስለነበረ ወረቀት የጠየቀኝ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የሚያስደስትህን ልጻፍልህ። ጀማሪ ባንድ መጀመሪያ የሚማረው ቢ ፍላት ከሚባለው ድምፅ ተነሥተው ወደ ላይ የሚሄዱትን 6 ድምፆች ነው። አንድ ጠዋት ልጆቹ ሲያሟሙቁ አራተኛውን፣ ማለትም ኢ ፍላትን፣ እንዲዘሉት ነገርኳቸው፤ የቀሩት አምስቱ የትዝታ ቅኝት ሆኑ! መሣሪያ ከያዙ ጥቂት ወራት ብቻ የሆናቸው ልጆች ሳያውቁት በእኛ ቅኝት ሲነፉ ስሰማ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተኝ። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ግን ገና አልደፈርኩትም።

በዚያው በትዝታ ቅኝት «አበባየሆሽ»ን ለባንድ አዘጋጀሁት። ትራምፔቶቹ ያወጣሉ፣ ሌላው ሁሉ «ለምለም» እያለ ይቀበላል፤ ሁለት ድምፅ ብቻ የሚችል ልጅም ከተቀባዮቹ ጋር ሙሉ ቦታ አለው። ምቱን ስድስት ስምንተኛ (6/8) በሚባለው የምት አጻጻፍ ስጽፈው ግን ወረቀቱን ብቻ ያዩት ልጆች እንደ ሰልፍ ሙዚቃ ረገጡት። እንደገና መሣሪያ አስቀምጠን፣ እያጨበጨብን በአማርኛ ዘፈንነው። ያን ጊዜ ከእናቷ የተማረችው አንዲት የሐበሻ ልጅ እጇን አወጣችና፣ አውጪዋ ተቀባዮቹ እስኪጨርሱ አትጠብቅም፣ በላያቸው ላይ ትነሣለች አለችኝ። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ዕረፍት ጽፌ ነበር። ዕረፍቱን ሰርዤ ስናስነፋው ዘፈኑ ነፍስ ዘራ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። የትከሻው እንቅስቃሴ ይጠፋል፤ የዋሽንት መንሸራተትና የክራር ቅኝት በትራምፔት ልክ አይገኙም፤ ይህን አልደብቅህም። የማውጣትና የመቀበል ሥርዓቱ ግን፣ ልጆቹ አስቀድመው በአፋቸውና በእጃቸው ከያዙት፣ ከነሕይወቱ ወደ መሣሪያው ይገባል።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በመጪው እንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ ደጅህ ሲመጡ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ ከበሮውንና አቀባበሉን በስልክህ ቅዳልኝ፤ አውጪዋ በትክክል የት ላይ እንደምትነሣ መስማት እፈልጋለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ