ደረቅ አንሶላ ላይ ያደርሽው በስንተኛው ቀን ነበር?

ውድ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽልኝ?

አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በላብ የራሰውን አንሶላ ገፍፌ ጥዬዋለሁ። ካናቴራዬንም ቀይሬያለሁ። ፍራሹ ላይ ፎጣ አንጥፌ ልተኛ ሞከርኩ፤ እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞር አለ። ተነስቼ ይሄን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው አይደል? የመጨረሻውን መልእክትሽን አይቼ ሳልመልስ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሰበብ አልደረድርም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ስለሱ ስንገናኝ በሰፊው እናወራለን። አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።

ያ ነገር እኔንም ጀመረኝ። ያንቺው ነገር።

አንድ ክፍል ስንተኛ፣ ሌሊት ተነስተሽ ልብስ ስትቀይሪ እሰማሽ ነበር። እኔን ላለመቀስቀስ መብራት ሳታበሪ በጨለማ ሻንጣሽን ስትዳብሺ። ጠዋት "ዛሬም ላብ አጠመቀኝ" ስትዪኝ "ሯጭ አይደለሽ እንዴ? ሯጭ ያልበዋል" ብዬሽ ጫማዬን ማሰሬን ቀጠልኩ። ይሄን አንቺም አትረሺውም። የማታውቂው ደግሞ አለ። ሩጫውን ስታቆሚ ለሌሎቹ "አልቻለችም፣ ከበዳት" ብዬ ተናግሬያለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው።

እኔ ላይ የጀመረው ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። ለማራቶኑ ስል በሳምንት 110 ኪሎ ሜትር የነበረውን በአንድ ወር ውስጥ 160 አደረስኩት። መጀመሪያ የጠፋው እንቅልፉ ነው። ሰውነቴ ዝሎ እግሬን ማንሳት ያቅተኛል፣ ጭንቅላቴ ግን ፈጦ ያድራል። ከዚያ ላቡ መጣ። አንገቴ፣ ደረቴ፣ ጀርባዬ፣ የፀጉሬ ሥር ሳይቀር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ስነቃ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞ ይርበኛል። ከሁሉም የገረመኝ ረሃቡ ነው። አንቺንም እንዲህ ይርብሽ ነበር?

የጠዋት የልብ ምቴ 46 ነበር። አሁን 57 ላይ ነው። ሳልነሳ፣ ገና አልጋ ላይ ሆኜ ቆጥሬ ማለቴ ነው። አንቺ በየጠዋቱ ስትቆጥሪና በዚያች ደብተርሽ ስትጽፊ "አካውንታንት" እያልኩ አላግጥብሽ ነበር። አሁንም ካልሲዎችሽን በቀለም ትደረድሪያለሽ? አንኮራፊነትሽስ? እውነት ለመናገር እሱም ናፍቆኛል።

ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ጎበዝ ሴት ናት። ቶሎ ብላ "ከስፖርቱ ነው" አላለችም። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ሳል አለሽ ወይ፣ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ፣ ክብደትሽ ሳታስቢው ቀንሷል ወይ አለችኝ። አንገቴንና ብብቴን ዳሰሰች፣ እብጠት ፍለጋ። የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም ወይም የሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) ምልክት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እነሱን ማጣራት አለብን አለች። ደም ሰጠሁ፣ ደረቴን ራጅ ተነሳሁ። ውጤቱን ስጠብቅ ያደርኳቸውን ሌሊቶች አልነግርሽም። ሁሉም ንጹህ ሆኖ ወጣ። በሰውነቴ የተጠራቀመው ብረት ብቻ ዝቅ ብሏል።

ከዚያ ስለ ልምምዱና ስለ ምግቡ ጠየቀችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ማታ የፍጥነት ልምምድ አለኝ፤ ክብደት እንዳልጨምር ደግሞ እራቴን በግማሽ ቀንሻለሁ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታስረዳኝ ጀመር። እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። ማታ ከባድ ልምምድ ሠርቶ የሚተኛ ሰው ገና እንደጋለ፣ ልቡም ገና እንደሮጠ ነው አልጋ ውስጥ የሚገባው። በዚያ ላይ የሚበላው ካነሰ፣ ጉበት ለሌሊት የሚያስቀምጠው ስኳር ሳይነጋ ሊያልቅ ይችላል። ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል። ላቡም፣ የልብ ምቱም፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ሊመጣ ይችላል አለችኝ። ረሃቡ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ በባዶ ሆድ ስተኛ ጠንካራ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቀላል ሩጫ ብቻ፣ እራት ሙሉውን፣ ማታ ልምምድ የለም፣ ቡና ከቀትር በኋላ የለም። እንደዚህ ብላ አዘዘችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱ 30 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት ግን አልችልም። ውድድሩ 5 ሳምንት ቀርቶታል። ሁለት ሳምንት መቆም ማለት የሠራሁትን ሁሉ በገዛ እጄ ማፍረስ መሰለኝ። አሁን እየፈረሰ ያለው ሌላ ነገር እንደሆነ እያወቅኩ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

የወር አበባዬ ከመጣ አራት ወር ሆኖታል። እርግዝና አይደለም። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ "ደህና ነው" አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ምናልባት እውነቱን ከነገርኳት ሩጫውን ጭራሽ ታስቆመኛለች ብዬ ፈርቼ ይሆናል። አንቺ ያኔ ቀርቶብኛል ስትዪኝ "እንኳን ተገላገልሽ" አልኩሽ። ይሄንን ቃል በየሌሊቱ እየሰማሁት ነው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሰውነት ለሩጫው ያወጣውን ያህል ምግብ ካላገኘ፣ ሌላውን ሥራ ይቀንሳል። የወር አበባ ይቆማል፣ እንቅልፍ ሊታወክ ይችላል፣ አጥንት ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ የጉልበት እጥረት ስም አውጥቶለት፣ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ ገልጿል። አንቺ ሽንጥሽ አካባቢ ያመምሽ የነበረውና በኋላ የአጥንት ስንጥቅ የተባለው ከዚሁ ይሆን? ያኔ ሰበብ መስሎኝ ነበር። አልቻልሽም ማለት አልነበረም። ከሁላችን ቀድመሽ ገብቶሽ ነው ያቆምሽው።

ነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ተመልሼ እውነቱን እነግራታለሁ። ወስኛለሁ። የከበደኝ አሰልጣኙ ነው። "እንቅልፍ አጣሁ፣ አረፍ ማለት አለብኝ" ብዬ ስጀምር ፊቱ ምን እንደሚመስል ከአሁኑ ይታየኛል። አንቺ ምን ብለሽ ነው የጀመርሽው? የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ የቀረውን እኔ እወጣዋለሁ።

ያቺ ደብተርስ አለች? ካለች፣ እረፍት የጀመርሽበትን ገጽ ፈልጊልኝ። የልብ ምትሽ ስንት ቀን ፈጅቶ ወረደ? ደረቅ አንሶላ ላይ ያደርሽው በስንተኛው ቀን ነበር? ያንቺና የኔ አንድ ላይሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቁጥር በእጄ ቢኖር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ መቁጠር እችላለሁ።

ተቀይመሽኝ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። ካልተቀየምሽኝ ደግሞ ደውዪ።

ያንቺው የክፍል ጓደኛ