ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጠበበው ሻርፕ

ሱሉልታ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ግን ገብቷል፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ሣሩ ላይ አመዳይ አያለሁ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከእኛም ይብሳል። ስለዚህ በኪሮሽ፣ በዚያች ጫፏ መንጠቆ በሆነች መርፌ፣ የአንገት ሻርፕ መጀመርሽን ስሰማ ልቤ ሞቀ።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «እማዬ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ጠበበብኝ፤ ክሩ መጥፎ ነው መሰለኝ» ብለሻል። ክሩ ምንም አልሆነም። መርካቶ ወርጄ በጣቴ እየፈተግሁ፣ እየሳብሁ የመረጥሁት ክር ነው። የጠፋብሽ የዳሩ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ የምለው ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ረጅሙን ስፌት፣ መስኮት የምለው ደግሞ በሁለት ምሰሶ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ 20 መስኮት ቆጠርሁ፤ የላይኛው ላይ ያሉት 14 ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩን ጨርሰሽ ስትዞሪ 4 ሰንሰለት፣ ማለትም ክሩን በቀለበቱ ውስጥ እየሳብሽ የምታወጪውን ተራ ስፌት፣ ትሠሪያለሽ። ሦስቱ እንደ ምሰሶ ይቆጠራሉ፤ አራተኛው የመስኮቱ ጣሪያ ነው። ተመልሰሽ እዚያ ዳር ስትደርሺ ግን ያ የሰንሰለት ምሰሶ ቀጭን ስለሆነ ምሰሶ አይመስልም፤ ዓይን ያልፈዋል። በታለፈ ቁጥር አንድ መስኮት ይጎድላል። የመጨረሻውን ምሰሶሽን ከታች ቆጥረሽ ሦስተኛው ሰንሰለት ላይ ትከዪው። ከዚያ ከመዞርሽ በፊት 21 ምሰሶ መኖሩን ቁጠሪ። በየመስመሩ፣ ልጄ፤ እንቅልፍ ቢመጣብሽም ቁጠሪ።

ሻርፑ የተጀመረበት የሥሩ ሰንሰለትም ጠብቆ ጠርዙን ኮማትሮታል። ስለዚህ እስከ ሥሩ ተርትሪው። እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ የስንት ምሽት ድካም ነው። ግን ክሩ አይጠፋም። በሁለት መርፌ የሚሠራ ሹራብ ዓይኖቹ፣ የክሩ ቀለበቶች፣ ሁሉ መርፌው ላይ ስለሚቆዩ አንዱ ካመለጠ ወደ ታች ይሮጣል። በኪሮሽ ክፍት የሆነው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ የፈለግሽበት ቦታ ላይ አቁመሽ ከዚያው ትቀጥያለሽ። ሹራቡን ማሽንም ይሠራዋል፤ ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ የሰው እጅ ሥራ ነው። አያትሽ የሠራችው ዳንቴል ዛሬም ቴሌቪዥኑ ላይ አለ፤ ሳነሣውና ሳጥበው እጇን የያዝሁ ይመስለኛል።

ስትጀምሪ 44 ሰንሰለት ላላ አድርገሽ ሥሪ። እጅሽ እምቢ ካለ ለሥሩ ብቻ ወፈር ያለ ኪሮሽ ያዢ፤ ከዚያ ወደ 5 ሚሊ ሜትሩ ተመለሺ። የመጀመሪያው ምሰሶ ከኪሮሹ ስድስተኛው ሰንሰለት ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ መዝለል፣ አንድ ምሰሶ፤ እስከ ዳር ድረስ። ወርዱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ርዝመቱን 160 ካደረስሽው አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ደረትሽ ላይ ይወርዳል።

አንድ ነገር አደራ፦ በካውያ እንዳትነኪው። ክሩ አክሪሊክ ነው። አንቺ ሕፃን ሳለሽ ለታናሽ እኅቴ የሠራሁትን ነጭ ሻርፕ ለሠርግ ይመር ብዬ ተኮስሁት፤ መስኮቶቹ ተጣብቀው እንደ ላስቲክ ሆኑ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነበር። አንቺ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበሽ፣ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ፣ ዳር ዳሩን በስፒል ወጥረሽ ይድረቅ። መስኮቱ አራት ማዕዘኑን ይዞ ሲቀር ታይዋለሽ፤ ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደው እርሱን ነው።

ለዘርፉ ክር እንዳትገዢ። ከሰማያዊው አንድ ጥቅል ተርፎኛል፤ ትናንት ማታ 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር እያደረግሁ ቆርጬ በላስቲክ አስሬ አስቀመጥሁት። ለገና ስትመጪ ሻርፑን ይዘሽ ነይ፤ ዘርፉን አንቺ ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ ሆነን እንቋጥረዋለን።

እናትሽ