ስሙ «ሃይ ሬዞሉሽን»፣ ድምፁ ያው ኤምፒ3

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐዋሳ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን በሚጭኑ አንዳንድ ሱቆች «ሃይ ሬዞሉሽን» እየተባለ በተለየ ዋጋ የሚሸጥ ሙዚቃ አለ። ገዢው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚሄደው ትልቅ ፋይል እንጂ የተሻለ ድምፅ አይደለም። ጆሮው አልረካ ሲለው ደግሞ የማጫወቻውን ኢኳላይዘር (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ ማስተካከያ) ወደ ላይ ይገፋል፤ ያኔ ጭራሽ ይብሳል። በከተማዋ በድምፅ ቀረጻና ካሴት በመገልበጥ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህ ነገር እንዲታረም ስለምንፈልግ ይህችን ጽፈናል።

ከቁጥሩ እንጀምር። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል። ሃይ ሬዞሉሽን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 24 ቢት ሆኖ በሰከንድ 96,000 ወይም 192,000 ጊዜ የተለካ ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሚይዝ ኤምፒ3 ወደ 4 ሜጋባይት ይይዛል፤ በሲዲ ጥራት ሳይታመቅ ወደ 42፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ልኬት) ደግሞ ወደ 138 ሜጋባይት። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ከድምፁ ምንም ሳይጥል መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ችግሩ 4 ሜጋባይቷን ኤምፒ3 ወስዶ 24 ቢት ፍላክ ማድረግ ለማንም ቀላል መሆኑ ነው። ፋይሉ ያብጣል፤ ማጫወቻውም ስክሪኑ ላይ «24/96» ብሎ ይጽፋል። ኤምፒ3 ሲሠራ የተጣለው ድምፅ ግን አይመለስም። አንድ ጣሳ ጠላ ጋን ውስጥ ቢገለብጡት ያው አንድ ጣሳ ነው።

ለማጣራት ስፔክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ፋይሉን መክፈት ይበቃል። ዘፈኑን በሥዕል ያሳያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው፣ ከታች ወደ ላይ የድምፁ ቅጥነት በኪሎኸርዝ፣ እዚህ ላይ በሰከንድ ስንት ሺህ ንዝረት ማለት ነው። ቀለሙ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀና ከዚያ በላይ ጥቁር ከሆነ፣ ምንጩ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። 20 አካባቢ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ 320 ኪሎቢት ነው። ሲዲ የሚይዘው ቅጥነት እስከ 22 ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ 96 የተባለው ፋይል 22 ላይ ካለቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሲዲ ተወስዶ የተነፋ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከድሮ ካሴት በደንብ የተገለበጠ ዘፈንም ከላይ ባዶ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ የካሴቱ ቀስ እያለ እየሳሳ መሄዱና በላዩ የቴፑ ሽሽታ እንደ ጭጋግ መታየቱ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ቴፕ ላይ አይገኝም። ይህን ሳያውቁ ጥሩ ግልባጭ የሠራን ሰው አጭበርባሪ ማለት ግፍ ነው።

የካሴቱን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን ከወጣው ሙዚቃችን ብዙው ሰው እጅ የገባው በካሴት ነው። ስለዚህ ከፋይሉ ስም ይልቅ ጥራቱን የሚወስነው ካሴቱ የተገለበጠበት መንገድ ነው። መጀመሪያ የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከካሴቱ ክር የሚያነበው ክፍል፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በጥጥ ይጸዳል፤ ቡናማው ዝቃጭ ካልተነሣ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ቀጥሎ ከሄዱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን አለች። የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ እየሰሙ፣ የጸናጽሉና የ«ሰ» ድምፅ ጥርት እስኪል ድረስ በጣም በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ ማዞር ነው። ሄዱ ትንሽ ከተጣመመ የጠፋውን ቅጥነት በኋላ የትኛውም ኢኳላይዘር አያመጣውም። ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ገመድ «ላይን» በሚባለው መግቢያ ይሰካ እንጂ «ማይክ» በሚባለው አይሰካ። ቀረጻው በ24 ቢት ይሁን፤ ከፍተኛው ድምፅ ኮምፒውተሩ ሊመዘግበው ከሚችለው ጣሪያ 10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ዝቅ ይበል። 24 ቢት በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ዝቅ አድርገው ቢቀዱም ኮምፒውተሩ የራሱን ሹክሹክታ አይጨምርበትም። ለማዳመጥ ከሆነ ግን የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ዕድሜ ሲገፋም ይቀንሳል። ከእውነተኛ ሲዲ የተወሰደ 16 ቢት ፍላክ ለአብዛኛው አድማጭ ይበቃል የሚል እምነት አለን።

ወደ ኢኳላይዘሩ እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚያ ነው። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ 0 ዴሲቤል ይባላል። የአሁን ዘፈኖች ብዙዎቹ ጣሪያውን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው ነው የሚወጡት። ቤዙን፣ ማለትም 60 ኸርዝን፣ በ6 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ የዚያን ሞገድ ቁመት እጥፍ ያደርገዋል። ጣሪያው ስለማይነሣ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከበሮው በመታ ቁጥር የዘፋኙም ድምፅ አብሮ ይሰነጠቃል። ብዙ ደህና ኢርፎን «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከፍ ያደረጉትን ያህል ፕሪአምፑን፣ ማለትም የሁሉንም ድምፅ መጠን አንድ ላይ የሚወስነውን የኢኳላይዘሩን መቆጣጠሪያ፣ ዝቅ ማድረግ። ቤዙ +6 ከሆነ ፕሪአምፑ -6 ይሁን፤ ከዚያ የጎደለውን በድምፅ መጨመሪያው ማካካስ ነው። ሮክቦክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በተጫነባቸው ማጫወቻዎች ይህ «ፕሪካት» ይባላል። ጭራሽ ፕሪአምፕ የሌለው ባለ 5 መስመር ኢኳላይዘር ከሆነ ቤዙን ባለበት ትቶ ሌሎቹን አራት በ3 ወይም በ4 ዴሲቤል ማውረድ ያንኑ ውጤት ይሰጣል።

ቤዝ የለውም ተብሎ ኢኳላይዘር ከመነካቱ በፊት ግን ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎማ ይታይ። ጎማው ከጆሮ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ቤዙ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል፤ አንድ ቁጥር ተለቅ ያለ ጎማ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል። ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ከመሰለ ወይም ከታፈነ 250 ኸርዝን በ3 ዴሲቤል መቀነስ ነው። «ሰ» ጆሮ የሚወጋ ከሆነ 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ እንዲሁ 3 ይቀነስ፤ «ሸ» ከሆነ ግን ቦታው ዝቅ ይላል፤ 4 ኪሎኸርዝ ግድም ይፈለግ። የ«ጠ» እና የ«ቀ» ፍንዳታ ጠፍቶ ግጥሙ ካልተሰማ 3 ኪሎኸርዝን በ2 መጨመር ይረዳል፤ ፕሪአምፑ አይረሳ። ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር (የሚነካውን ቦታና ስፋቱን ራስዎ የሚመርጡበት ዓይነት) ያለው ሰው የስፋቱን ቁጥር፣ ኪው የሚባለውን፣ ለታፈነው 1፣ ለሚወጋው 3 አድርጎ ይጀምር፤ ቁጥሩ ሲያድግ የሚነካው ቦታ ይጠብባል።

ለበገና «ቤዝ ቡስት» የሚለውን ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ የኢኳላይዘር ምርጫ) አጥፉት ብለን እንለምናለን። የበገና ንዝረት የሚወጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል ከሚገባው እንዚራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ቆዳውን ነካ ለቀቅ ሲያደርገው የሚፈጠረው ዝርዝር ድምፅ ከወፍራሙ ድምፅ በብዙ እጥፍ ወደ ላይ ይዘልቃል። ቤዙ ሲገፋ ይህ ሁሉ ይሸፈንና በገናው የጄኔሬተር ጉምጉምታ ይሆናል።

ኢኳላይዘሩን ከፍተውና ዘግተው ሲያወዳድሩ የሁለቱም ጩኸት እኩል ይሁን፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ ያስመስለዋል። አንዳንድ ማጫወቻዎች 96 ወይም 192 ፋይል ሲከፈት ኢኳላይዘሩን ያጠፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ፋይሉን በዝምታ ወደ 48 ያወርዱታል። ዲኤስዲ የሚባለው የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ ቅርጽ ሳይቀየር ኢኳላይዘር አይቀበልም። በብሉቱዝ ከሆነም ድምፁ ታምቆ ከሚተላለፍባቸው ዘዴዎች የተለመደው ኤስቢሲ በሰከንድ ከ330 ኪሎቢት ብዙም አያልፍም፣ ኤልዳክ የሚባለውም ቢበዛ 990 ነው፤ ለ24/96 ገመድ ያስፈልጋል። ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በባጃጅ እየሄዱ ለመስማት ግን ጥሩ ኤምፒ3 ይበቃል፤ ሞተሩ ልዩነቱን ይውጠዋል። ሞተሩን ለመሸፈን ድምፅ መጨመር አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል (ይህ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ጩኸት ነው፤ ከፋይሉ 0 ጣሪያ የተለየ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ሱቆቹን የምንጠይቀው በእያንዳንዱ ፎልደር ስም ላይ ምንጩን እንዲጽፉ ነው፤ «ከሲዲ»፣ «ከካሴት»፣ «ከኤምፒ3» ማለት ብቻ ይበቃል። ገዢም ከመክፈሉ በፊት አንድ ፋይል በስፔክ ተከፍቶ እንዲያይ ይጠይቅ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካሴት ቤቱ ያለው ሰው ደግሞ ካስገለበጠ በኋላ ዋናውን አይጣል፤ ግልባጩ በተጣመመ ሄድ የተሠራ ከሆነ እንደገና መጀመር የሚቻለው ከእሱ ብቻ ነው።

በሐዋሳ በድምፅ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች