ከሰዓቱ ጀርባ ያለውም ይዘገብ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ረጅም ርቀት ሯጮች ስትዘግቡ የገቡበትን ሰዓት ብቻ ጽፋችሁ እንዳታልፉ፣ በጎልማሳነት ዕድሜዬ ሩጫ የጀመርኩ አንባቢያችሁ እንደመሆኔ ለማሳሰብ እወዳለሁ። ኬንያዊው ሯጭ ኬልቪን ኪፕተም እ.ኤ.አ. በ2023 የቺካጎን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ጨረሰ ሲባል ቁጥሩ ለብዙው ሰው ስሜት አይሰጥም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሮጧል ማለት ነው። ይህም ባለ 400 ሜትሩን መም በ69 ሰከንድ ገደማ መዞርና ያንኑ ዙር ያለ እረፍት ከ105 ጊዜ በላይ መደጋገም ነው። እኔ በዚያ ፍጥነት ግማሽ ዙር እንኳ ሳልሄድ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ጉልበቴም ይከዳኛል፤ እነሱ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላም ትከሻቸው እንደረገበ፣ እግራቸው መሬቱን ነካ አድርጎ ብቻ ያልፋል።

ለእኔ ቢጤው ጀማሪም የሚሆን ነገር ቢታከልበት መልካም ነው። ልብና ሳንባ ልምምዱን ቶሎ ሲለምዱ ጅማት ግን ወራት ስለሚፈልግ፣ ትንፋሹ የተሻለለት ጎልማሳ ርቀቱን ያለ ጊዜው ጨምሮ ለጉዳት ይዳረጋል (ይህን አስቀድሞ የሚነግረን ሰው ብዙ አይደለም)። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 በ41 ዓመቱ የለንደን ማራቶንን በ2፡04፡15 ሁለተኛ ሆኖ ማጠናቀቁም በአንድ አንቀጽ የሚታለፍ ዜና አልነበረም፤ በዚያ ዕድሜ እንዴት እንደሚለማመድና እንደሚያገግም ጠይቃችሁ ብታስነብቡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ