ፈርተሽ ነበር ወይ?

ልጄ፣

እሑድ ዕለት ቡና እያፈላሁ «እማዬ፣ አትላንቲክን ስናቋርጥ ፈርተሽ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ኧረ ምን አስፈራኝ!» አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ፊቴን ወደ ጀበናው ያዞርኩትም ለዚሁ ነበር። አንቺ ደግሞ ያንን በመርከብ እየተማሩ የመጓዝ ፎርም ፍሪጁ ላይ ለጥፈሽ መልሴን ትጠብቂያለሽ። እውነቱን በአፌ ልንገርሽ ብል እንባዬ ስለሚቀድመኝ ልጻፈው።

እኔ ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። ሐይቁ ከቤታችን አሥር ደቂቃ አይሞላም። አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም። አያትሽ «ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ካልወሰደ አይተኛም» እያለች ነው ያሳደገችን። ዋና የተማርኩት እዚህ ሆላንድ፣ በ35 ዓመቴ ነው፤ ያውም አንቺን አይቼ። እዚህ አገር ልጆች ለዋና ዲፕሎማቸው ከነልብሳቸውና ከነጫማቸው ይዋኛሉ። ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ሰው የዋና ልብስ ለብሶ አይወድቅማ። አንቺ በ6 ዓመትሽ ከነጫማሽ ስትዋኚ እኔ ፎጣ ይዤ ዳር ቆሜ አፈርኩ። በሳምንቱ ተመዘገብኩ።

ጀልባውን ያመጣው አባትሽ ነው። የሥራ ባልደረባው አንድ ቅዳሜ አይስልሜር የሚባለው ትልቁ ሐይቅ ላይ ይዞት ወጣ፤ በቃ ተለከፈ። በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣ 11 ሜትር የምትረዝም ባለሸራ ጀልባ ገዛን። ሁለት በጋ እዚያው ተለማመድን። አይስልሜር በ1932 በግድብ እስኪዘጋ ድረስ ባሕር ነበር። አሁን ጥልቀቱ አራት አምስት ሜትር ቢሆን ነው፤ ለዚህ ነው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ የሚሆነው። ሰው ሐይቅ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኔን ግን ከአትላንቲክ የበለጠ ያስመለሰኝ እሱ ነው።

የትምህርቱ ጉዳይ ብዙ አጨቃጭቆን ነበር። ወንድምሽ ገና 4 ዓመቱ ስለነበር ችግር የለም። አንቺ ግን 7 ነበርሽ፤ እዚህ ደግሞ ትምህርት ከ5 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው። ከአገር ስንወጣ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ተሰርዘን፣ የርቀት ትምህርት መጻሕፍትሽን ይዘን ነው የሄድነው። አማርኛውን ግን እኔው አስተማርኩሽ። «ሀ ሁ» የቆጠርሽው ባሕር ላይ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ለአያትሽ ስልክ መደወል ነበር። «ለመዝናናት? በጀልባ?» አለችና ዝም አለች። ልጄ፣ የኛ ሰው ባሕር የሚሻገረው ጨንቆት ነው። በየመን በኩል፣ በሊቢያ በኩል። ከሰፈራችን ልጆች መካከል ወጥቶ ድምፁ የጠፋ አለ። እኔ ደግሞ ፓስፖርቴን በኪሴ ይዤ፣ ልጆቼን ላይፍ ጃኬት አልብሼ ለሽርሽር ልወጣ ነው። ለዚያ ዝምታዋ እስከዛሬ መልስ የለኝም።

ብቻ ወጣን። እንግሊዝ ቻነልን፣ የቢስኬን ባሕረ ሰላጤ አልፈን ካናሪ ደሴቶች፣ ላስ ፓልማስ ደረስን። እዚያ እስከ ኅዳር ማለቂያ ጠበቅን፤ የሃሪኬኑ ወቅት ማለፍ ነበረበት። ከዚያ የንግድ ነፋስ የሚሉት፣ ሳያቋርጥ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው፣ ከኋላ እየገፋ ይወስድሻል። ካሪቢያን ውስጥ እስካለችው ደሴት እስከ ሴንት ሉሲያ ወደ 2,700 የባሕር ማይል፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛን 22 ቀን ፈጀብን።

ስንቁ ላይ ግን ማንም አይችለኝም ነበር። ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን ቆርቆሮ ሲደረድሩ እኔ ሽሮ፣ በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ጫንኩ። አያቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖራቸው አይደል እንዴ የዘመቱት? አንዴ እንጀራ ካልጋገርኩ ብዬ ያደረግኩትን ታስታውሻለሽ? ሊጡ ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖ ኩፍ አለ፤ ጀልባዋ ስታዘነብል የአባትሽ ካልሲዎች ላይ ፈሰሰ። ሴንት ሉሲያ ድረስ እርሾ እርሾ እንደሸተተ ሄደ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አንቺ «እማዬ የጮኸችብኝ ሌሊት» የምትዪው።

በ12ኛው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ አባትሽ ተኝቷል። ከኋላችን ኮከቦቹ ከታች ጀምረው ጠፉ። ስኳል ይሉታል፤ ድንገት የሚመጣ ነፋስና ዝናብ ነው። የፊቱን ሸራ ጠቅልዬ ቀነስኩ፤ መሪውን ያዝኩ። እኔ በወገቤ ከጀልባዋ ጋር ታስሬያለሁ። ያኔ በሩ ተከፈተ። በፒጃማ፣ በባዶ እግርሽ፣ አንድ እግርሽን ደረጃው ላይ አድርገሽ «እማዬ፣ ዝናብ ነው?» አልሽ። ላይፍ ጃኬት የለ፣ ማሰሪያ የለ።

ጮኽኩብሽ። ደንግጠሽ ወደ ኋላ ስትይ ክርንሽን ተመታሽ። አለቀስሽ፤ አባትሽም ነቃ።

ልጄ፣ ያ ቁጣ አልነበረም። ኮርስ ላይ የተማርነው አንድ ቁጥር ነበር። ጀልባ በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ማዕበል፣ የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ማን አይቶ ያገኘዋል? አንቺ ገና «ዝናብ ነው?» ስትዪ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ሜትር እየቆጠርኩ ነበር።

ስኳሉ በሃያ ደቂቃ አለፈ። እጄ ግን ተንቀጥቅጦ ፔርሙሱን መክፈት አቃተኝ። አባትሽ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «በረደኝ» አልኩት። በዚያ ሙቀት!

ጠዋት አባትሽ በሩ ላይ ከፍ አድርጎ መቀርቀሪያ ሠራ። አንቺ ደግሞ ማንም ሳያዝሽ በሦስት ቀለም «ሳይታሰሩ መውጣት ከልከል ነው» ብለሽ ጽፈሽ ደረጃው ላይ ለጠፍሽ። «ክልክል» ነው የሚባለው፤ አላረምኩሽም። ያን ወረቀት እስከዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ተረኛ ስሆን በየሰዓቱ ወርጄ እግራችሁን እየነካሁ እቆጥር ነበር። አራት እግር። አንቺ አንዴ ነቅተሽ «እየኮረኮርሽኝ ነው» ብለሽ ተቆጥተሻል። ሴንት ሉሲያ የደረስን ቀን ሁላችሁም አይስክሬም ፍለጋ ስትሮጡ እኔ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ደክሞኝ መስሏችሁ ነበር።

ስለዚህ አዎ፣ ፈርቼ ነበር። አሁንም ፎርሙን ባየሁት ቁጥር እፈራለሁ። ስድስት ወር፣ በትልቅ ባለሸራ መርከብ፣ እየተማሩ አትላንቲክን ደርሶ መልስ። ተረኛ ሆነሽ ሌሊት ስትቆሚ እግርሽን የሚቆጥር ሰው የለም።

ፈርሜዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ሥር ታገኚዋለሽ፤ ወረቀትሽንም አብሬ አድርጌልሻለሁ። የድሮው ማሰሪያሽ ጋራዥ ውስጥ አለ፤ ትናንት ለካሁት፣ ወገብሽን አይዞርም። ቅዳሜ አብረን እንግዛ።

እናትሽ